ዜሮደርማ ፒግሜንቶሱም፦ ቆዳ የፀሐይን ጉዳት መጠገን ሲያቅተው

ሕፃን ልጅን በጠዋት ፀሐይ ማሞቅ አገራችን ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። ልጁ ታጥቦና ቅባት ተቀብቶ፣ አጥንቱ እንዲጠነክር፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ደጅ ይያዛል። ለአብዛኞቹ ልጆች ደግ ነገር ነው። በጣም ጥቂት ልጆች ግን ከዚህች አጭር ሙቀት በኋላ ፊታቸው ያብጣል፣ ቆዳቸው ውኃ ይቋጥራል። ቃጠሎው በማግስቱ በመሻል ፈንታ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ እስኪድንም ሳምንታት ይፈጃል። ቤተሰብ «ምች መታው» ይላል። ጤና ጣቢያ ደግሞ የፈላ ውኃ ያቃጠለው ወይም ቆዳው የመረቀዘ ሊመስለው ይችላል።

ሌሎች ልጆች ደግሞ ፀሐይ ላይ ቢውሉም አይቃጠሉም። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ግን ፊታቸውና የእጃቸው ጀርባ ላይ ጠቃጠቆ ይወጣል፤ ሌላ ምልክት የለም። ሁለቱም ልጆች አንድ ሕመም ሊኖርባቸው ይችላል። ስሙ ዜሮደርማ ፒግሜንቶሱም ነው፤ በአጭሩ ኤክስፒ ይሉታል። ከሁለቱ ልጆች የኋላ ኋላ በቆዳ ካንሰር ክፉኛ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ያልተቃጠለው ነው፤ ምክንያቱም ያልተቃጠለን ልጅ ማንም ከፀሐይ አይከለክለውም።

በሽታው ብርቅ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢገኝ ነው። በጃፓን፣ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴሉ ውስጥ የሚሆነው

የፀሐይ ጨረር ውስጥ ዓይን የማያየው፣ ቆዳም ሲነካው የማይሰማው አልትራቫዮሌት የሚባል ክፍል አለ። የሞገዱ ርዝመት ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው ዩቪቢ፣ ከ315 እስከ 400 የሆነው ዩቪኤ ይባላል። ዩቪቢ የቆዳ ሴል ውስጥ ገብቶ የዘር መመሪያው በ«ፊደላት» በተጻፈበት ክር፣ በዲኤንኤ፣ ላይ ሲያርፍ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት «ፊደሎችን»፣ በተለይም ሁለት ቲሚኖችን፣ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። የዲኤንኤው ክር እዚያ ቦታ ላይ ይጎብጣል። ቀኑን ፀሐይ ላይ በዋለ ቆዳ አንዷ ሴል ውስጥ ብቻ እንዲህ ያለው ጉዳት በአሥር ሺዎች ሊቆጠር ይችላል። ይህ በሁላችንም ላይ ይደርሳል። ጤነኛ ሴል ግን ይጠግነዋል፤ አንዱን የጉዳት ዓይነት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ሌላውን ከአንድ ቀን በላይ ወስዶ።

ጥገናው የልብስ ሰፊ ሥራ ይመስላል፦ የተበላሸውን ማግኘት፣ መተርተር፣ ቆርጦ ማውጣት፣ በአዲስ መተካትና መስፋት። ኤክስፒሲ እና ኤክስፒኢ የሚባሉት ፕሮቲኖች ዲኤንኤውን እየዳሰሱ የጎበጠውን ቦታ ይፈልጋሉ። ኤክስፒቢ እና ኤክስፒዲ የተጠማዘዘውን ድርብ ክር እዚያ ላይ ይፈቱታል። ኤክስፒኤ ጉዳቱ በእርግጥ መኖሩን ያረጋግጣል፣ ሌሎቹንም ቦታ ቦታቸውን ያስይዛል። ኤክስፒኤፍ በአንድ ወገን፣ ኤክስፒጂ በሌላው ወገን ይቆርጣሉ፤ 30 ፊደል ገደማ ያለው ቁራጭ ተነቅሎ ይወጣል። ክፍተቱን ሌላ ኢንዛይም ጤነኛውን ትይዩ ክር እያየ ይሞላዋል፤ በመጨረሻም ጫፉ ይያያዛል።

ከእነዚህ ሰባት ፕሮቲኖች የአንዱ ጂን፣ ማለትም የአሠራር መመሪያው፣ ከተበላሸ ሥራው መሐል ላይ ይቆማል፤ የበሽታው ዓይነትም በዚያው ፕሮቲን ስም ይጠራል። ስምንተኛው ዓይነት፣ ቫሪያንት ወይም ኤክስፒቪ የሚባለው፣ ከሌሎቹ ይለያል። በእሱ ጥገናው ደህና ነው፤ የጎደለው ሴል ሲባዛ ገና ያልተጠገነውን ቦታ ሳይሳሳት ገልብጦ የሚያልፈው ፖሊመሬዝ ኢታ የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህ የተደረሰበት በ1999 ነው።

ሕመሙን በ1870ዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የገለጸው የቪየናው የቆዳ ሐኪም ሞሪትዝ ካፖሲ ነበር። መንስኤው የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1968፣ ጄምስ ክሊቨር ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕሙማኑን ሴሎች መርምሮ የዲኤንኤ ጥገና እንደጎደላቸው ሲያሳይ ነው። የዚህን ጥገና አሠራር ደረጃ በደረጃ ያብራራው አዚዝ ሳንጃር በ2015 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ለምን አንዱ ይቃጠላል፣ ሌላው አይቃጠልም?

ወላጆችን አብዝቶ የሚያሳስታቸው ይህ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሴል ጉዳቱን የሚያገኝበት ሁለት መንገድ አለው። በመጀመሪያው ኤክስፒሲ እና ኤክስፒኢ ዲኤንኤውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስሳሉ። በሁለተኛው ደግሞ ጂኖችን የሚያነበው ማሽን ጉዳት ላይ ደርሶ ሲቆም፣ መቆሙ ራሱ ጠጋኞቹን ይጠራል። የፀሐይ ቃጠሎ፣ ማለትም መቅላቱ፣ ማበጡና ውኃ መቋጠሩ፣ በአመዛኙ የሚመጣው ይህ ንባብ ተገትሮ ሲቀርና ሴሎች ሲሞቱ ነው።

በኤክስፒሲ እና በኤክስፒኢ ዓይነቶች ሁለተኛው መንገድ ይሠራል፤ ንባቡ ስለማይገተር ቆዳው እንደ ማንኛውም ሰው ቆዳ ሆኖ ይውላል። በማይነበበው ሰፊ የዲኤንኤ ክፍል ያለው ጉዳት ግን እንደተቀመጠ ነው። ሴሉ ሲባዛ ጉዳቱ ወደ ቋሚ የፊደል ስሕተት ይለወጣል። በሕሙማኑ ዕጢዎች ውስጥ፣ ካንሰርን የሚገታው ፒ53 የተባለው ጂን ላይ፣ ሳይቶሲን የተባለው ፊደል ወደ ቲሚን ተቀይሮ በብዛት ይገኛል፤ ይህ አልትራቫዮሌት የሚተወው ምልክት ነው። ኤክስፒቪ ያለባቸውም አይቃጠሉም። ኤክስፒኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ ወይም ጂ ያለባቸው ግን ሁለቱም መንገዶች ስለሚዘጉባቸው በትንሽ ፀሐይ ክፉኛ ይቃጠላሉ።

ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ትምህርት አንድ ነው፦ ቆዳው አለመቅላቱ፣ ልጁም አለማልቀሱ ጉዳት እንዳልደረሰ አያሳይም። «ዛሬ ትንሽ ወጥቶ ምንም አልሆነም» የሚለው መለኪያ መቼም አያገለግልም።

የነርቭ ጉዳት የሚታየውም በአብዛኛው በሚቃጠሉት ዓይነቶች ነው። ከሕሙማኑ ሩብ ያህሉ ላይ ይደርሳል። የመስማት ችሎታ ይቀንሳል፣ ጉልበት በመዶሻ ሲመታ የሚፈናጠረው ምላሽ ይጠፋል፣ አካሄድ ይናጋል፣ ትምህርት ይከብዳል፣ እየቆየም መዋጥ ያስቸግራል። ፀሐይ ነርቭ ውስጥ አትገባም፤ ጉዳቱ ሴሉ ራሱ ሲሠራ ከሚፈጥራቸው ኬሚካሎች የሚመጣ ነው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ልጅን ከፀሐይ በሚገባ የጠበቀ ወላጅ የልጁ ጆሮ ሲደክም ጥፋቱን በራሱ ላይ እንዳያደርግ።

አደጋው ምን ያህል ነው?

በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ከ1971 ጀምሮ በተደረገ ክትትል፣ ዕድሜያቸው ከ20 በታች የሆኑ ሕሙማን ሜላኖማ (ከቆዳ ቀለም ሴሎች የሚነሳው ካንሰር) ባልሆነ የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ወደ 10,000 እጥፍ፣ በሜላኖማ ደግሞ ወደ 2,000 እጥፍ እንደሚደርስ ታይቷል። የመጀመሪያው የቆዳ ካንሰር የታየበት መካከለኛ ዕድሜ 9 ዓመት ነበር፤ በተቀረው ሕዝብ 67 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ግን ዘግይተው የተለዩትን ልጆችም የሚያካትቱ ናቸው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የተጠበቀ ልጅ ካንሰሩ በብዙ ዓመታት ሊዘገይለት፣ ቁጥሩም በእጅጉ ሊያንስለት ይችላል።

ጥቁር ቆዳ ለዚህ በሽታ በቂ ጋሻ አይደለም። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ከጨረሩ የተወሰነውን ያስቀራል፤ ያለፈውን የሚጠግን ግን የለም። በጥቁር ቆዳ ላይ በሽታው ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ተቀላቅሎ፣ ቆዳው ደርቆና ሳስቶ ይታያል። ከንፈር፣ የምላስ ጫፍና ዓይን አብረው ይጎዳሉ። ዓይን ብርሃን ይፈራል፣ ይቀላል፣ የብሌኑ መስታወት ይደበዝዛል፣ ሽፋሽፍት ይረግፋል።

አልቢኒዝም ካለበት ልጅ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። አልቢኒዝም ያለበት ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ቆዳውና ጸጉሩ የነጣ ነው፤ የጎደለው ቀለም እንጂ ጥገና አይደለም። የኤክስፒ ልጅ የወላጆቹን መልክ ይዞ ይወለዳል፤ ነጠብጣቡ የሚመጣው በኋላ ነው፣ ያውም ልብስ በማይሸፍነው ቦታ። የልብሱ አንገትጌ በሚያርፍበት መስመር ላይ ጠቃጠቆው ድንገት ከቆመ ጥሩ ፍንጭ ነው።

ከየት ይመጣል?

ልጁ ከእናቱም ከአባቱም አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ መውረስ አለበት። ወላጆቹ ተሸካሚዎች ናቸው፤ አይታመሙም። በእያንዳንዱ እርግዝና የታመመ ልጅ የመውለድ ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው። ይህ ዕድል በየእርግዝናው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ አንድ የታመመ ልጅ መወለዱ ቀጣዩን አያድንም፣ አይጎዳምም። ጤነኛ ሆኖ የተወለደ ወንድም ወይም እኅት ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከሦስት ሁለት ነው።

የሥጋ ዘመዶች ሲጋቡ ሁለቱም ያንኑ ቅጂ የመያዛቸው ዕድል ይጨምራል፤ በቱኒዚያ፣ በአልጄሪያና በሞሮኮ በሽታው የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ አካባቢ ከኤክስፒሲ ሕሙማን የሚበዙት አንድ ዓይነት፣ ከጥንት የጋራ አያት የወረደ የጂን ስሕተት አላቸው። በጃፓን ደግሞ ከመቶ ሰው አንዱ ያህል የታወቀ አንድ የኤክስፒኤ ስሕተት ተሸካሚ ነው፤ እዚያ ዘመድ ሳይጋባም በሽታው ይከሰታል። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ መጋባት ዕድሉን በጣም ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያጠፋውም። የእርግማን ወይም የቡዳ ነገር አይደለም፤ እናት በእርግዝናዋ የበላችው ወይም ያደረገችው ነገርም አላመጣውም።

ምርመራው የሚጀምረው ከቆዳ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ከየክልሉ የቆዳ ሕሙማን የሚላኩበት ነው። ማረጋገጫው በደም ወይም በምራቅ ናሙና የሚደረግ የጂን ምርመራ ነው፤ አለዚያም ትንሽ የቆዳ ናሙና ተወስዶ ሴሎቹ በላቦራቶሪ አልትራቫዮሌት ተደርጎባቸው ምን ያህል እንደሚጠግኑ ይለካል። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይፈልጋል። ጥበቃው ግን ውጤት ሳይጠበቅ ጥርጣሬው በተነሳበት ቀን ይጀመር፤ በሽታው ባይሆን የሚቀረው ኪሳራ የጥቂት ሳምንታት ጥላ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ወላጆች ወደ ዘር ሕክምና ክሊኒክ እንዲልካችሁ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ለንደን የሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ብቻ የተቋቋመ ብሔራዊ አገልግሎት አለው።

ጥበቃው፣ በዝርዝር

አልትራቫዮሌት ሙቀት አይደለም፣ በዓይን የሚታይ ብርሃንም አይደለም። የምድጃ እሳት፣ ሻማና የጨረቃ ብርሃን ይህን ልጅ አይጎዱም። ብርድ ያለበት ደመናማ ቀን ግን ይጎዳዋል፤ ሳሳ ያለ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ በዚህ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። በደጋው እኩለ ቀን ላይ የአልትራቫዮሌት መጠቆሚያ ቁጥሩ 11 እና ከዚያ በላይ መድረሱ የተለመደ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን እጅግ ከፍተኛ ይለዋል። ጃንጥላም ከላይ የሚመጣውን እንጂ ከሰማዩ ዙሪያ ተበትኖ የሚመጣውንና ከመሬት የሚንጸባረቀውን አይመልስም። የጠዋት ፀሐይም ለዚህ ልጅ ደግ አይደለችም።

ስለዚህ መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሲገዛ አንድ ወጥመድ አለ፦ ርካሾቹ መጠቆሚያ ቁጥሩን ብቻ የሚያሳዩት በዋናነት ዩቪቢን ነው የሚያነቡት፤ መስኮት ዳር ሲቀመጡ ዜሮ ይላሉ። ተራ መስታወት ዩቪቢን ያስቀራል፣ ዩቪኤን ግን በአብዛኛው ያሳልፋል። መሣሪያው ከ280 እስከ 400 ናኖሜትር የሚያነብ መሆን አለበት። በእሱ የቤቱ ማዕዘን ሁሉ፣ የክፍል ውስጥ መቀመጫው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ ሐኪም ቤቱ በተለያየ ሰዓት ይለካል፤ ንባቡ ዜሮ ወይም ለዜሮ በጣም የቀረበ በሆነበት ቦታ ልጁ ፊቱን ገልጦ መጫወት ይችላል።

መስኮት ላይ እስከ 400 ናኖሜትር 99 በመቶ የሚያስቀር ጥርት ያለ ፊልም ይለጠፋል። የተለጠፈበት ቀን ይጻፍ፤ ፊልም ያረጃል፣ ጠርዙም ይላቀቃል፣ ስለዚህ በየጊዜው እንደገና ይለካ። ፊልም ካልተገኘ ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም መጋረጃ ሥራውን ይሠራል፤ የልጁን ቀን ማጨለሙ ግን እውነት ነው። መኪና ላይ የፊተኛው መስታወት ባለ ሁለት ድርብርብ ስለሆነ አብዛኛውን ዩቪኤ ይይዛል፤ የጎኖቹ መስታወቶች ግን እንደየመኪናው ብዙ ያሳልፋሉ።

መብራት፦ ተራ ኤልኢዲ አምፖል ይመረጥ። ፍሎረሰንትና ጠምዛዛው ኃይል ቆጣቢ አምፖል ጥቂት ይለቃሉ፤ መስታወት የሌለው ሃሎጅን ፓውዛ የበለጠ ይለቃል። የብየዳ ብልጭታ ኃይለኛ አልትራቫዮሌት ነው፤ በር ከሚበየድበት ደጃፍ ልጁን ይዞ አያልፉም። የጥፍር ቀለም ማድረቂያ፣ የሐሰት ብር መለያ፣ የወባ ትንኝ ማጥመጃ መብራትና ሐኪም ቤት ውስጥ አየር ለማጽዳት የሚሰቀለው መብራትም እንዲሁ።

ልብስ፦ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ መሆን አለበት። ወደ መብራት ሲያዩት ቀዳዳው ከታየ አይሆንም። ቀጭን ነጭ የጥጥ ካናቴራ ከአልትራቫዮሌቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ሊያሳልፍ ይችላል፣ ሲረጥብ ከዚያም በላይ፤ ነጠላ ደግሞ የባሰ ስስ ነው። ጂንስ በጣም ጥሩ ነው። ውጭ ሲወጡ እጅጌ ረጅም፣ ጓንት፣ ካልሲ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጎኑ የተሸፈነ መነጽር ያስፈልጋል። ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚጠብቀው ከባርኔጣ ጋር የተሰፋ፣ ከአልትራቫዮሌት ከልካይ ፕላስቲክ የተሠራ የፊት መከለያ ነው፤ ከአገጭ በታች ወርዶ መግባት አለበት፣ ጨረር ከታችም ስለሚመጣ። ተራ ስስ ፕላስቲክ ሁሉ አይከለክልም፤ በመሣሪያው ይፈተሽ።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከልብስ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፣ ልብስን አይተካም። የጥበቃ ቁጥሩ (ኤስፒኤፍ) 50 እና ከዚያ በላይ፣ ዩቪኤንም የሚከላከል ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑ ላይ ነው፦ ቁጥሩ የተለካው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው፤ ይህም ለአዋቂ ፊት፣ ጆሮና አንገት አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በስሱ የተቀባ ቅባት ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ጥበቃ አይሰጥም። ከመውጣት 20 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያ በየ2 ሰዓቱ። ጆሮ፣ የአንገት ጀርባ፣ የጣት ጫፎች አይረሱ፤ ለከንፈር ራሱን የቻለ ቅባት አለ።

ፀሐይ የማያገኝ ልጅ ቫይታሚን ዲ ያንሰዋል። ለሕፃን በቀን 400፣ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ 600 አይዩ (ዓለም አቀፍ የቫይታሚን መለኪያ) የተለመደው መነሻ ነው፤ ደም እየተለካ ሐኪም ያስተካክለዋል። ይህን መስጠት ረስቶ አጥንቱ እንዳይጎብጥ በመፍራት ልጁን ወደ ፀሐይ መመለስ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።

ክትትልና ሕክምና

ፈውስ እስካሁን የለም። ቆዳው በየ3 ወሩ፣ ቢዘገይ በየ6 ወሩ፣ ከራስ ቅል እስከ እግር ጣት በቆዳ ሐኪም ይታይ። ዓይን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የመስማት ምርመራና የነርቭ ምርመራም በየዓመቱ። ቤት ውስጥ በየወሩ በአንድ ዓይነት መብራት ፎቶ ማንሳት ለውጥን ለመለየት ይረዳል። አራት ሳምንት አልፎት ያልዳነ ቁስል፣ በፍጥነት የሚያድግ እብጠት፣ የሚደማ ወይም መልኩ የሚለወጥ ጥቁር ነጥብ፣ የምላስ ጫፍ ላይ ያለ ጠጣር ነገር ቀጠሮ አይጠብቅም።

ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ የቆዳ ለውጦች በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛሉ፣ ወይም ፍሎሮዩራሲል ወይም ኢሚኪሞድ ያለበት ቅባት ይታዘዝላቸዋል። ካንሰሩ ራሱ በትንሹ፣ በጊዜው ይቆረጣል፤ ሕፃኑ በሕይወቱ ብዙ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችል ቆዳን መቆጠብ ቁም ነገር ነው። አይሶትሬቲኖይን የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት በ1988 በታተመ ጥናት በ5 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ በሁለት ዓመት 121 የነበሩት ካንሰሮች በቀጣዩ ሁለት ዓመት ወደ 25 ወርደዋል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ግን ተመልሰው በዙ፣ ጉበትን፣ የደም ቅባትንና አጥንትንም ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። በቀዶ ሕክምና የማይነሱ ካንሰሮች ላይ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁት ፔምብሮሊዙማብና ሴሚፕሊማብ ለአንዳንድ ሕሙማን ጥሩ ውጤት ሰጥተዋል።

ሲጋራ በዚህ ቤት አይጨስ። ጭሱ ውስጥ ያለው ቤንዞፓይሪን ዲኤንኤ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የሚጠገነው በዚያው በጎደለው መንገድ ነው። የማገዶ ጭስም ይኸው ኬሚካል አለበት፤ ልጁ ከጭስ ቤት ይራቅ።

ለሐኪም በጽሑፍ መድረስ ያለበት አንድ ነገር አለ። ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት የሚሠራው ዲኤንኤን በማጣበቅ ነው፤ የኤክስፒ ሕመምተኛ ጤነኛ ሴሎችም ያንን መፍታት አይችሉም፤ በተለመደው መጠን ተሰጥቷቸው የሞቱ ሕሙማን አሉ። የጨረር ሕክምናን ግን አብዛኞቹ ይችሉታል፤ በትንሽ መጠን ተሞክሮ ይጀመራል። ስለዚህ ልጁ በሚይዘው ካርድ ላይ የበሽታው ስም፣ የጂኑ ዓይነት ከታወቀ እሱ፣ «ሲስፕላቲን አይሰጥ» የሚል ማስጠንቀቂያ፣ እና የምርመራና የቀዶ ሕክምና ክፍሉ መብራት አስቀድሞ እንዲለካ የሚጠይቅ መስመር ይጻፍ፤ ቅጂው በትምህርት ቤቱም፣ በአያቶቹ ቤትም ይቀመጥ።